ተሳስተን የገባንበት ማኅበር

ነገሩ የሆነው ባለፈው ዓመት ጥቅምት ላይ፣ እዚሁ ጎንደር፣ ቁስቋም ሰፈር ነው። በአንድ ከሰዓት በኋላ ውስጥ እንደዚያን ቀን አፍሬም ተደስቼም አላውቅም። ዛሬም ክፍል ውስጥ ሒሳብ እያስተማርኩ ድንገት ትዝ ሲለኝ ፊቴን ወደ ሰሌዳው አዙሬ ብቻዬን እስቃለሁ። ተማሪዎቼ ምን እንደነካኝ አያውቁም።

ተወልጄ ያደግኩት ትክል ድንጋይ አጠገብ ባለች ገጠር ነው። አባታችን የሞተው እኔ ገና ፊደል ሳልቆጥር ስለነበር ያሳደገኝ ታላቅ ወንድሜ አያ ታከለ ነው። እሱ በሬ ጠምዶ ሲያርስ እኔ ትምህርት ቤት እሄዳለሁ። ለምን ታስተምራታለህ፣ ለምን አትድራትም ያሉትን ሁሉ ዝም ብሎ ነው ያሸነፋቸው። መምህርት ሆኜ ጎንደር ስመደብ ከእኔ ይልቅ እሱ ነበር እንቅልፍ ያጣው።

ይህን ሰው ነው አረቄ የያዘብኝ። አያያዙም ቀስ በቀስ ነው። መጀመሪያ የገበያ ቀን ብቻ ነበር። ቆይቶ ገበያ የሌለበትም ቀን ሆነ። በመጨረሻ ጠዋት ሲነሳ እጁ ይንቀጠቀጣል፤ ካልቀመሰ አይረጋለትም። እርሻው ጾም አደረ። ልጆቹ አባታቸው ሲመጣ ወደ ጎረቤት መሸሽ ጀመሩ።

አንድ ቀን ሚስቱ ይታይሽ ይዛው መጣች። ልብሱን በፌስታል ቋጥራለች። ግቢና ተቀመጭ ብላት እምቢ አለች።

“ወንድምሽ ይኸውልሽ” አለችኝ በሩ ላይ እንደቆመች። “ሰው ሲሆን እመጣለሁ። ካልሆነ ግን እዚሁ ካንች ጋር ይሁን። ልጆቹ እንዲህ ሆኖ እያዩት እንዲያድጉ አልፈልግም።”

አላለቀሰችም። ብታለቅስ ይቀለኝ ነበር።

በማግስቱ ሐኪም ቤት ወሰድኩት። ብዙ ሲጠጣ የኖረ ሰው ያለ ሐኪም ድንገት ቢያቆም ራሱ አደገኛ ነው ብለው አስተኝተው አከሙት። ሲወጣ እጁ ረግቶ፣ ዓይኑም ጠርቶ ነበር። ግን ሰውየው ዝም አለ። ቀኑን ሙሉ በረንዳዬ ላይ ተቀምጦ አላፊ አግዳሚውን ያያል። ብላ ስለው ይበላል፤ ተኛ ስለው ይተኛል። እንግዳ ሲመጣ ተነስቶ ጓዳ ይገባል። ስለ መጠጡ አንድ ቃል አይተነፍስም። ግድ ሲሆንበት “ያ ነገር” ይለዋል እንጂ ስሙን አይጠራም።

ለክትትል ስንመለስ ለዶክተሯ ይህንኑ ነገርኳት።

“መድኃኒቱ የድርሻውን ሠርቷል” አለችን። “ከእንግዲህ የሚያስፈልገው ሰው ነው። እንደ እሱ የሆኑ፣ መጠጥ አቁመው እርስ በርስ የሚደጋገፉ ሰዎች አሉ። እሑድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ቁስቋም ይሰበሰባሉ። ከቤተ ክርስቲያኑ ወረድ ብሎ አረንጓዴ በር ያለው ግቢ ነው። ማኅበሩ የት ነው ብትሉ ያሳዩዋችኋል።”

ይህችን የመጨረሻዋን ቃል ልብ በሉልኝ። ጣጣው ሁሉ የመጣው ከእሷ ነው።

አያ ታከለ መንገድ ላይ እጄን ያዝ አድርጎ አቆመኝ። “ምነው እታለም፣ ሰው ፊት አቁመሽ ልታዋርጅኝ ነው?”

“ቁጭ ብለህ ትሰማለህ እንጂ ማንም ተናገር አይልህም” አልኩት።

“መስማት ብቻ ከሆነ እሄዳለሁ” አለ።

እሑድ ዕለት ጢሙን ተላጨ። የታጠበ ኮቱን ለብሶ ጋቢውን ደረበ። ቁስቋም ስንደርስ የቤተ ክርስቲያኑን በር ተሳልሞ እዚያው ቆሞ ቀረ። ምን እያለ እንደሚጸልይ አልጠየቅኩትም። ስንወርድ ግን ችግር ገጠመን። የሰፈሩ የቆርቆሮ በር ግማሹ አረንጓዴ ነው። አንዲት ሱቅ ደጃፍ የተቀመጠች ሴት አየሁና ጠጋ ብዬ፣ ሌላ ሰው እንዳይሰማኝ ድምፄን ዝቅ አድርጌ “ማኅበሩ የት ነው?” አልኳት።

“የዛሬው ማኅበር? ያውላችሁ፣ ሰው እየገባ አይደል እንዴ” ብላ በአገጯ አሳየችኝ።

እውነትም ሰው ይገባል። በሩም አረንጓዴ ነው። አንድ ሰውዬ በሩ ላይ ቆመው የገባውን ሁሉ ይቀበላሉ። እኛን ሲያዩ ማን ናችሁ፣ ከየት መጣችሁ አላሉም። “ግቡ ግቡ፣ እንኳን ደህና መጣችሁ” ብለው ወደ ውስጥ መሩን።

ግቢው ውስጥ ሸራ ተወጥሮ፣ አግዳሚ ወንበር በግድግዳው ዙሪያ ተደርድሯል። ስንገባ የተቀመጠው ሁሉ “ኖር” ብሎ ብድግ አለልን። አያ ታከለ ደነገጠ። ሰው ከተነሳለት ስንት ጊዜው ነው። “በእግዜር፣ በእግዜር” እያለ ጋቢውን እየሰበሰበ በተሰጠው ቦታ ተቀመጠ።

እኔ የጠበቅኩት የተጎሳቆሉ ሰዎችን ነበር። ዓይናቸው የቀላ፣ ልብሳቸው የነተበ። ያየሁት ግን ነጫጭ የለበሱ፣ የተከበሩ የሰፈር ሰዎች ናቸው። ጡረታ የወጡ መምህር የሚመስሉ ረጅም ሽማግሌ አሉ። የቢሮ ሠራተኛ የሚመስሉ ሴቶች አሉ። ጥግ ላይ ደግሞ ነጭ የጠመጠሙ ቄስ ጭራቸውን ይዘው ተቀምጠዋል። ጌታዬ፣ ቄሱንም ይዟቸዋል ማለት ነው አልኩ በልቤ። አዘንኩላቸው። ግን ደግሞ አያ ታከለም እያያቸው ነበርና፣ ትከሻው ላላ ሲል አየሁ።

ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ “ሸጋ ሰዎች ናቸው” አለኝ።

ከእኔ ቀጥሎ የተቀመጡት አንዲት አሮጊት ናቸው። እማማ አስካለ ይባላሉ። ደስ የሚል ፊት አላቸው። እኚህን የመሰሉ ሴት እንዴት እዚህ ደረሱ ብዬ ከንፈሬን መጠጥኩ። ዝም ብዬ ብቀመጥ መልካም ነበር፤ እኔ ግን ላጽናናቸው ፈለግኩ።

“እማማ፣ ከጀመሩ ቆዩ?” አልኳቸው በቀስታ።

“ኧረ ልጄ፣ ከልጅነቴ ነው። እናቴ ናት ያስጀመረችኝ።”

“እናትዎ?”

“አዎን። እሷ ስትደክም እኔ ተተካሁ።”

“አቋርጠውስ አያውቁም?”

“እመቤቴ ምስክሬ ናት፣ አራስ ሆኜ እንኳ አላቋረጥኩም። ያልመጣሁ እንደሆነ ድርሻዬን ቤቴ ድረስ ይልኩልኛል።”

“አሁንስ ትንሽ አልተሻለዎትም?”

“ጉልበቴን ነው? እሱስ አልተሻለኝም” አሉና ጉልበታቸውን አሻሹ።

እንባዬ መጣ። እጃቸውን ያዝ አድርጌ “አይዞዎት” አልኳቸው። እማማ አስካለ ትንሽ ግራ ገብቷቸው አዩኝና “እግዜር ይስጥሽ” አሉኝ።

በዚያኛው ወገን ረጅሙ ሽማግሌ አያ ታከለን እያጫወቱት ነበር። ከትክል ድንጋይ እንደመጣ ሲነግራቸው ተገረሙ።

“ይህን ሁሉ መንገድ ለማኅበሩ ብለህ መጣህ?”

“ምን ላድርግ አባቴ። ጨንቆኝ ነው።”

“ስለት ነገር ነው?”

አያ ታከለ አሰብ አደረገና “ስለትም ቢባል ያስኬዳል” አለ።

ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ። እምነቱ የገረማቸው ይመስላሉ።

ከዚያ ቄሱ ተነሱ። ሁላችንም ቆምን። ጸሎት ደረሰ፤ ዳቦው ተባረከ፤ ተቆረሰና ታደለ። ይህን ሁሉ ጊዜ እኔ ምንም አልጠረጠርኩም። እንዲያውም በጸሎት መጀመራቸው ደስ ብሎኛል። አያ ታከለም አንገቱን ደፍቶ ከልቡ አሜን ይላል።

ያኔ ከጓዳ ሁለት ሴቶች ገንቦ ተሸክመው ወጡ። ገንቦው ሳይደርስ ሽታው ደረሰ። የጌሾና የብቅል ሽታ። ጠላ ነው።

ነገሩ የገባኝ ያኔ ነው። የገባነው የእመቤታችን የጽዋ ማኅበር ነው። በየወሩ ተራ በተራ ደግሰው፣ በስሟ ጸልየው፣ በስሟ የሚጠጡት። ከሕፃንነቴ ጀምሮ የማውቀው፣ እናቴም የነበራት ማኅበር። ማኅበሩ የት ነው ብዬ ጠየቅኩ፤ ሰፈሩም ያለውን ማኅበር አሳየኝ። ወንድሜን ከአረቄ ላወጣው እጁን ይዤ ከጠላ ገንቦ ፊት አስቀምጬዋለሁ።

ተነስቼ ይዤው ልወጣ አሰብኩ። አልቻልኩም። ረጅሙ ሽማግሌ ቀድመውኝ ተነሱ። ለካ የማኅበሩ መሪ፣ ሙሴ የሚባሉት እሳቸው ናቸው። ጥልፍ ጨርቅ የለበሰውን ጽዋ አንስተው፣ ከገንቦው አስቀድተው፣ ቄሱ ዘንድ አስባረኩትና ወደ እኛ ዞሩ።

“ዛሬ እንግዳ አለን” አሉ። “ከትክል ድንጋይ ድረስ እመቤታችንን ብሎ የመጣ ሰው ነው። እሱ ይቅደም።”

ጽዋውን አያ ታከለ እጅ ላይ አኖሩት።

ቤት ሙሉ ሰው በፈገግታ ያየዋል። የእመቤታችንን ጽዋ እምቢ ያለ ሰው እኔ አይቼ አላውቅም፤ እሱም አያውቅም። ዶክተሯ አንዲት ጉንጭ እንኳ እንዳይቀምስ ብላ ያስጠነቀቀችው ጆሮዬ ላይ ይጮኻል። እጁን አየሁት። ሐኪም ቤት ረግቶ የወጣው እጅ እንደገና ይንቀጠቀጣል። ጠላው ጽዋው ውስጥ ይናወጣል። ዓይኑን ጽዋው ላይ ተክሎ ቀረ። አለቀልን አልኩ።

አያ ታከለ ጽዋውን እንደያዘ ተነስቶ ቆመ።

“አባቶቼ፣ እናቶቼ፣ ይቅር በሉኝ” አለ። “እኔ ሰካራም ነኝ።”

ፈገግታው ሁሉ ባለበት ደረቀ።

“አረቄ ይዞኝ፣ ከሚስቴና ከልጆቼ የለየኝ ሰው ነኝ። ሐኪም ቤት ተኝቼ ገና መውጣቴ ነው። መጠጥ የሚያስተው ማኅበር አለ ቢሉን ነው የመጣን። ይህ መስሎን ነው። የእመቤቴን ጽዋ እምቢ ማለት ነውር መሆኑን አውቃለሁ። ብቀምሳት ግን አልመለስም። ምን እንደማደርግ እናንተው ንገሩኝ።”

በረንዳ ላይ ቀኑን ሙሉ ዝም ሲል የከረመው ወንድሜ ነው ይህን ያለው። መስማት ብቻ ከሆነ እሄዳለሁ ያለው። እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እመርጥ ነበር። ቄሱ ጭራቸውን ማወዛወዝ አቁመዋል።

እማማ አስካለ ቀስ ብለው ወደ እኔ ዞሩ።

“አንች ልጅ” አሉኝ። “ከጀመሩ ቆዩ ያልሽኝ ለዚህ ነው?”

ነጠላዬን ፊቴ ላይ ሳብ አድርጌ “አዎን እማማ” አልኩ።

“አራስ ሆኜ እንኳ አላቋረጥኩም ስልሽ ያለቀስሽው…”

“አዎን እማማ።”

እማማ አስካለ መጀመሪያ ትከሻቸው ተነቃነቀ። ቀጥሎ ሳቁ አመለጣቸው። ጉልበታቸውን እየመቱ፣ ትንፋሽ እያጠራቸው፣ ያልኳቸውንና ያሉኝን አንድ በአንድ ለማኅበርተኛው ነገሩ። “እናቴ ናት ያስጀመረችኝ አልኳት እኮ። ድርሻዬን ቤቴ ድረስ ይልኩልኛል አልኳት እኮ።” ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ሙሴው ምሰሶ ተደግፈው ይስቃሉ። ቄሱ “እኔንስ ምን ብለሽ ነበር?” ብለው ጠየቁኝ።

“አዝኜልዎ ነበር፣ አባ” አልኳቸው።

እሳቸውም እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። ያን ጊዜ ነው ከጎኔ ሌላ ሳቅ የሰማሁት። ዞር ብል አያ ታከለ ነው። ልጅ ሳለሁ ከብት ሲያስገባ ከሩቅ የምሰማው፣ ከሆዱ የሚወጣው የድሮ ሳቁ። ጽዋው እጁ ላይ ሲወዛወዝ ሙሴው ሳይፈስ ቀስ ብለው ተቀበሉት።

ሳቁ በረድ ሲል ቄሱ የክርስትና ስሙን ጠየቁት። ወልደ ገብርኤል መሆኑን ነገራቸው።

“ወልደ ገብርኤል፣ ጽዋው የሚከበረው በስሟ ነው እንጂ በጌሾው አይደለም” አሉት። “በቃና ዘገሊላ ውሃው ወይን ሆነ። ላንተ ግን ውሃው ውሃ ሆኖ ይቅርልህ።”

ንጹሕ ኩባያ አስመጥተው ውሃ አስቀዱና ባረኩት። አያ ታከለ ቆሞ እስከ መጨረሻው ጠጣው። ማኅበርተኛው በአንድ ድምፅ አሜን አለ። እንደዚያ ያለ ውሃ ጠጥቶ እንደማያውቅ በኋላ ነግሮኛል።

አሁን የቀረው ትክክለኛውን ቦታ ማግኘት ነው። ሰዓቱ እንዳለፈ ነግሬ እንድንሰናበት ጠየቅኳቸው።

“ቆይ፣ የሕፃናት ትምህርት ቤቱ በርም አረንጓዴ ነው” አሉ ሙሴው። “እሑድ እሑድ ሰዎች ይገቡበታል። እኔ የቁጠባ ማኅበር ነበር የሚመስለኝ።”

“እኔ እንኳ የመምህራን ስብሰባ ነው ስል ነበር” አለች አንዷ።

ከዚያው ግቢ በታች፣ አንድ ጥምዝ ብቻ ነው የሚለየው። መንገዱን ቢያሳዩን ይበቃን ነበር፤ ሙሴው ግን “እንግዳ በር ላይ አይሸኝም” ብለው ብትራቸውን አነሱ። እሳቸው ሲነሱ ቄሱ ተነሱ። ቄሱ ሲነሱ ቤቱ ግማሹ ተነሳ። የቤቱ ባለቤት አንድ ሙሉ ድፎ ዳቦ በነጭ ጨርቅ ጠቅልላ ተከተለች። እንዲህ ሆነን ቁልቁለቱን ወረድን። አያ ታከለ ከሙሴውና ከቄሱ መሃል ሆኖ እየተጫወተ ይሄዳል። መንገደኛው ሽምግልና የምንሄድ መስሎት መንገድ ይለቅልናል።

እማማ አስካለ ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ክንዴን ተደግፈው ከኋላ ቀረን።

“እውነት መጠጡን ያስተዋል ልጄ?” አሉኝ ድንገት።

“ገና አላየንም እማማ። ዶክተሯ ግን ብዙ ሰው ትቷል ብላናለች።”

“ሐኪም ቤት ያልተኛም ሰው ይቀበላሉ?”

“ይመስለኛል።”

ሌላ አልጠየቁኝም። እኔም ሳቁ ገና አልለቀቀኝምና ልብ አላልኩም።

ትምህርት ቤቱ ግቢ ስንደርስ በአንድ ክፍል ውስጥ ወንዶችም ሴቶችም ክብ ሠርተው በሕፃናት ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ግድግዳው ላይ ሀ ሁ ተጽፏል። ቄስና ሽማግሌ ከነዳቦው ሲገባባቸው ሁሉም ደንግጠው ተነሱ። ግዙፍ ሰውዬ ሮጥ ብሎ ወጣ። ንጉሤ ይባላል፤ የከባድ መኪና ሾፌር የነበረ፣ ስብሰባውን የሚመራው እሱ ነው።

“ምን ተፈጠረ፣ አባ?”

“ምንም አልተፈጠረ። ሰው ልናስረክብ ነው” አሉት ቄሱ። “ተሳስቶ እኛ ዘንድ ገብቶ ነበር።”

ንጉሤ ሰልፉን አየ፤ ዳቦውን አየ፤ አያ ታከለን አየ። “እኛ ዘንድ ሰው የሚመጣው ተደብቆ ነው” አለ። “በካህንና በሽማግሌ ታጅቦ ሲመጣልን አንተ የመጀመሪያው ነህ።”

ወዲያው አቅፎ አስገባው። ለአያ ታከለ ይችን የምታህል የሕፃን ወንበር ሰጡት። ሲቀመጥ ጉልበቱ ደረቱ ጋ ደረሰ። አንዱ “ቀስ ብለህ፣ የሰበርናት አለች” ሲለው ሰማሁ። ከዚያ በሩ ተዘጋ። የውስጡ የእነሱ ነው።

እኔ ውጭ ቀረሁ። ብቻዬን ግን አልነበርኩም። ማኅበርተኛው ወዲያው አልተመለሰም። ሙሴው የሕፃናቱ ዥዋዥዌ ላይ ተቀምጠው፣ ብትራቸውን ጭናቸው ላይ አጋድመው፣ ዳቦ ይበላሉ። ቄሱ ዥዋዥዌው ይችልዎታል ወይ እያሉ ይቀልዱባቸዋል። ከውስጥ አንዳንዴ ዝምታ፣ አንዳንዴ ሳቅ ይሰማል። ከሳቁ መሃል የወንድሜን ለይቼ አወቅኩ።

ወደ ቤት ስንመለስ ገና ከበሩ ሳንገባ “እታለም፣ የሚበላ አለሽ?” አለኝ። እኔ ቤት ከመጣ ጀምሮ ርቦኛል ሲለኝ የመጀመሪያው ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለው ቀላል ነበር አልልም። በየሳምንቱ ሄደ፤ ግን አንድ ጊዜ ደግሞ በሩን ዘግቶ ከማንም አልገናኝም ያለበት ቀን ነበር። ለንጉሤ ስደውል መጣ። በሩ ላይ ተቀምጦ ስለ መጠጡ አንድ ቃል ሳያነሳ፣ ሊማሊሞ ላይ ጎማ ስለፈነዳበት ቀን፣ ስለ መኪናው ፍሬን፣ ስለ ዛሪማ ሙቀት ሲያወራ ዋለ። ማታ ሊደርስ ሲል አያ ታከለ ከውስጥ “ታዲያ ጎማውን በምን ቀየርከው?” አለና በሩን ከፈተ።

የገና በዓል ሲቃረብ አንድ እሑድ ትምህርት ቤቱ ደጅ ላይ ከሌሎች ቤተሰቦች ጋር ቁጭ ብዬ እማማ አስካለ ሲመጡ አየሁ። ከኋላቸው አንድ ትልቅ ሰው፣ ኮፍያውን ዓይኑ ድረስ ያወረደ፣ ይከተላቸዋል። ልጃቸው ነው። በሩ ጋ ሲደርስ እንደ በቅሎ እግሩን ተከለ። ግባ ቢሉት አልገባም አለ። እማማ አስካለ እጁን ይጎትታሉ፤ አቅም የላቸውም።

አያ ታከለ በመስኮት አይቶ ወጣ። እኔ ምን ሊለው ነው ብዬ ፈራሁ። ምንም የረቀቀ ነገር አላለውም።

“ና ወንድሜ” አለው። “መናገር የለብህም። ውጭው ይበርዳል፣ ገብተህ ተቀመጥ።”

ሰውዬው ቆይቶ ገባ። አያ ታከለ ለዕድሜው ሲሉ የሰጡትን የመምህሯን ትልቅ ወንበር ለቀቀለትና እሱ እንደገና ትንሿ ላይ ተቀመጠ።

እማማ አስካለ አጠገቤ መጥተው ተቀመጡ። “ያን ቀን እኮ የሳቅኩት እንዳላለቅስ ነው” አሉኝ። “ወንድምሽ ሰካራም ነኝ ሲል ልጄ የተናገረ መሰለኝ። ቤቴ ያለውን ጉድ ማኅበርተኛው አያውቅም ነበር።” ከዚያ እጄን ያዝ አድርገው “ከጀመሩ ቆዩ ያልሽኝ ግን አሁንም ያስቀኛል” አሉ፤ ሁለታችንም እዚያው ሳቅን። ልጃቸው ከዚያን ቀን ወዲህ ይመጣል። ሁለት ጊዜ ወድቆ ተነስቷል። አሁን ደህና ነው።

ከጥምቀት በኋላ ይታይሽ መጣች። ቤት ገባች፣ ተቀመጠች፣ ምሳ በላች። አያ ታከለን ከላይ እስከ ታች አየችው። “ወፍረሃል” ብቻ አለችው። በማግስቱ አብረው ሄዱ። ዘንድሮ እርሻውን ራሱ አርሷል። ልጆቹ ከእሱ ጋር ከብት ይዘው ሲወጡ ማየት የሰፈሩ ወሬ ሆኖ ነበር አሉ።

መንገዱ ሰላም በሆነ ጊዜ እሑድን አስታኮ ጎንደር ይመጣል። መጨረሻ ላይ ቤተሰብም የሚገባበት ሰዓት አለና እኔም እገባለሁ። ያን ጊዜ አዲስ ሰው ካለ፣ እንዴት እንደመጣህ ንገረው ብለው አያ ታከለን ያስነሱታል። እሱ ሲተርከው ግን ነገሩ ሌላ ነው። በእሱ አፍ ጠጪዋ እኔ ነኝ። “እህቴ መጠጥ አስቸግሯት እጇን ይዤ ስመጣ” ብሎ ይጀምራል። ገንቦው ሲወጣ ዓይኔ እንዴት እንደፈጠጠ፣ ጽዋውን ከእጄ እንዴት እንዳስጣለኝ፣ ቄሱ ፊት እንዴት እንዳፈረ በእጁ እያሳየ ያወራል። አዲስ የመጡት ዞር ዞር እያሉ በሐዘኔታ ያዩኛል።

አንድ ጊዜ ላርመው አፌን ስከፍት ንጉሤ “ተዋት፣ ገና መቀበል አቅቷት ነው” አለና ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ከዚያ ወዲህ ዝም እላለሁ። እንግዳ ሲመጣ ጓዳ ይገባ የነበረው ወንድሜ ይህን ያህል ሰው ፊት ቆሞ የሚያስቅ ሰው ሆኖልኛል። እንግዲህ ደስ ካለው ሰካራሟ እኔ ልሁንለት።